የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዋና ዋና የእምነት ትምህርቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ወንጌላውያን እምነት ከሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከቃላት ነው። ማመን፣ መዳን፣ መጽደቅና ማማለድ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ ችግሩም ከዚሁ ከማወቃችን ይጀምራል፤ በዕለት ንግግር የለመድነውን ትርጉም ይዘን ወደ ትምህርቱ ስንገባ ያልተባለውን እንደ ተባለ አድርገን እንሰማለንና። ስለዚህ በሚከተሉት መልሶች ከትምህርቱ ጎን ለጎን ቃላቱንም ዘርዘር አድርጎ ማየት ግድ ሆኗል።

«ወንጌላዊ» የሚባለው ማን ነው? ከ«ፕሮቴስታንት» እና ከ«ጴንጤ» ይለያል?

ቃሉ የመጣው «የምሥራች» የሚል ትርጉም ካለው «ኤዋንጌሊዮን» ከተባለው የግሪክ ቃል ነው። በአማርኛ «ወንጌላዊ» ስንል ወንጌልን ከጻፉት ከአራቱ አንዱን፣ ወይም ወንጌል እንዲሰብክ የተመደበ አገልጋይን፣ ወይም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመንን ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ መጨረሻው ነው። «ፕሮቴስታንት» ሰፋ ያለ ስም ሲሆን በ16ኛው መቶ ዘመን ከተደረገው ተሐድሶ የወጡትን አብያተ ክርስቲያናት ያጠቃልላል፤ ስሙም የተገኘው በ1529 እ.ኤ.አ. በጀርመን በሽፓየር ጉባኤ ተሐድሶውን የደገፉ መሳፍንት ካቀረቡት የተቃውሞ ጽሑፍ ነው። ወንጌላዊነት ደግሞ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በተለይ በ18ኛው መቶ ዘመን በብሪታንያና በሰሜን አሜሪካ በተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት መልኩን የያዘ እምነት ሲሆን፣ ሉተራኑም ባፕቲስቱም ሜቶዲስቱም ሜኖናይቱም ይጋሩታል። «ጴንጤ» በአማርኛ ንግግር ሁሉንም በጅምላ መጥሪያ ቢሆንም፣ በጠባቡ ትርጉሙ ጴንጤቆስጤያዊነት በ1906 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ በአዙሳ ጎዳና ከተደረገው መነቃቃት ወዲህ በዓለም የተስፋፋው አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

የታሪክ ሰዎች ወንጌላውያንን በአራት ነገሮች ይለዩአቸዋል፦ መጽሐፍ ቅዱስን የበላይ ሥልጣን ማድረጋቸው፣ የክርስቶስን መስቀል ማዕከል ማድረጋቸው፣ ሰው በግሉ ወደ እግዚአብሔር መመለስ አለበት ማለታቸው፣ ይህንንም በስብከትና በበጎ ሥራ ለሌላው ለማድረስ መትጋታቸው። ከአራቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሦስቱ ያለ እርሱ አይቆሙም።

«መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ማለት የአባቶችን ትምህርትና ታሪክን መናቅ ነው?

አይደለም። አባባሉ መጽሐፍ ቅዱስ ብቸኛው መምህር ነው አይልም፤ የማይሳሳት ዳኛ እርሱ ብቻ ነው ይላል። በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቍስጥንጥንያ የተደነገገውን የሃይማኖት ጸሎት ወንጌላውያን የሚቀበሉት መጽሐፍ የሚለውን በትክክል ስለ ተናገረ ነው፤ ጉባኤም ሆነ ሰባኪ ከቃሉ ጋር ከተጋጨ ግን የሚታረመው ጉባኤውና ሰባኪው ነው። በዚህ መመዘኛ የሚቆጠሩት 66 መጻሕፍት ሲሆኑ 39ኙ የብሉይ፣ 27ቱ የአዲስ ኪዳን ናቸው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ በላይ የሚቆጥሩአቸውን መጻሕፍት ለታሪክና ለምክር ማንበብ የተከለከለ ባይሆንም ትምህርተ እምነት አይመሠረትባቸውም።

«መጽሐፍ ቅዱስ አይሳሳትም» የሚለውም ገደብ አለው። በ1978 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን ሊቃውንት ባወጡት መግለጫ ላይ በግልጽ እንደ ተቀመጠው፣ አባባሉ የሚመለከተው መጀመሪያ የተጻፈውን ጽሑፍ ነው እንጂ እያንዳንዱን የእጅ ግልባጭና እያንዳንዱን ትርጉም አይደለም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ «መጽሐፍ ብቻ» እያልን በተግባር ከምንወደው ሰባኪ ድምፅ በቀር የማንሰማ ብዙዎች ነን፤ ይህ ደግሞ ተሐድሶው የተቃወመውን ነገር በሌላ በር ማስገባት ነው።

ወንጌላውያን በሥላሴ ያምናሉ?

አዎን። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ አምላክ ናቸው። ሦስቱ የአንድ አካል ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው የሚለውን ትምህርት የሚያስተምሩ ማኅበራት በአምልኮ መልካቸው ከወንጌላውያን ጋር ቢመሳሰሉም፣ በዚህ ትምህርት ግን ከወንጌላውያን እምነት ውጭ ናቸው። ኢየሱስ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው፤ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ከድንግል ማርያም ተወለደ። በአገላለጹም አብዛኞቹ ክርስቶስ በአንድ አካል ሁለት ባሕርያት አሉት የሚለውን የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ቋንቋ ይከተላሉ።

ኢየሱስ «አማላጅ» ነው ሲባል ከአብ ያንሳል ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ሊነሣ የቻለው «አማላጅ» የሚለው ቃል በጆሮአችን ላይ በሚፈጥረው ሥዕል ምክንያት ነው። በዕለት ንግግራችን አማላጅ የተቆጣ ባለ ሥልጣን ዘንድ ደጅ የሚጠና፣ ከሚለምነው ሰው የሚያንስ፣ እሺ ይባል እምቢ ይባል የማያውቅ ሰው ነው። ኢየሱስን በዚህ ሥዕል ካየነው በእርግጥም አሳንሰነዋል።

የዕብራውያን መልእክት የሚሥለው ግን ሌላ ነው። ምዕራፍ 7 ቍጥር 25 ክርስቶስ «ስለ እነርሱም ሊያማልድ ዘወትር በሕይወት ይኖራልና» ሲል የሚናገረው ስለ ሊቀ ካህናት ነው። ኦሪት የመገናኛውን ድንኳን ዕቃዎች አንድ በአንድ ትዘረዝራለች፦ መቅረዙ አለ፣ የኅብስቱ ገበታ አለ፣ የዕጣኑና የሚቃጠለው መሥዋዕት መሠዊያዎች አሉ፣ የመታጠቢያው ሰን አለ፣ ታቦቱ አለ፤ ካህኑ የሚቀመጥበት ወንበር ግን የለም። ሥራው አያልቅምና ዕለት ዕለት ቆሞ ያገለግላል። ጸሐፊው ምዕራፍ 10 ላይ ይህንኑ የቆመ ካህን ካሳየ በኋላ ክርስቶስ ግን ስለ ኃጢአት አንድ መሥዋዕት አቅርቦ በእግዚአብሔር ቀኝ ተቀመጠ ይላል። ምልጃው ከዚህ መቀመጥ የሚነሣ ነው፤ የተፈጸመው መሥዋዕት በአብ ፊት ለዘላለም መኖሩ ነው። አብም በልጁ ልመና የተረታ አይደለም፤ ልጁን የላከው አስቀድሞ ስለ ወደደ ነውና።

ወንጌላውያን ወደ ቅዱሳን የማይጸልዩትም «በእግዚአብሔርና በሰውም መካከል ያለው መካከለኛው ደግሞ አንድ አለ» (1 ጢሞቴዎስ 2፥5) ከሚለው ቃል የተነሣ ነው። ቅድስት ማርያምን የጌታ እናት፣ ብፅዕት ብለው ያከብራሉ፤ ጸሎት ግን ወደ እርስዋ አያቀርቡም። አንዳንድ ሰባኪዎች ይህን ሲያስረዱ ክብርዋን የሚነካ ቃል መጠቀማቸው ከትምህርቱ የሚመጣ ሳይሆን ከአንደበት አለመታረም የሚመጣ ነው።

«ሁሉም ኃጢአተኛ ነው» ሲባል ደግ ሰው የለም ማለት ነው?

ትምህርቱ ሰው ሁሉ ክፋቱን እስከ ጥግ አድርሶታል አይልም። የሚለው ከአዳም ውድቀት የተነሣ አሳብም ፈቃድም ፍላጎትም በኃጢአት ያልተነካ ክፍል ስለሌለው፣ ሰው በራሱ ጥረት ወደ እግዚአብሔር ሊደርስ አይችልም ነው። ደግ ሰው በሰው ሚዛን አለ፤ ሮሜ 3፥23 ግን የሚለካው በእግዚአብሔር ክብር ነው። ለአቅመ ማስተዋል ሳይደርሱ ስለሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎች በእግዚአብሔር ምሕረት ይታመናሉ፤ ዝርዝሩን በተመለከተ ግን አንድ ወጥ አቋም የለም።

እግዚአብሔር ዝም ብሎ ይቅር ማለት ሲችል ኢየሱስ ለምን መሞት አስፈለገው?

ይቅርታ ያለ ዋጋ አይገኝም። አንድ ሰው የተበደረውን መክፈል አቅቶት አበዳሪው «ትቼልሃለሁ» ቢለው ዕዳው የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ኪሳራው ከተበዳሪው ትከሻ ወርዶ በአበዳሪው ትከሻ ላይ ዐርፏል። የጎደለው ገንዘብ ሲሆን ኪሳራው ገንዘብ ነው፤ የተጣሰው የቅዱስ አምላክ ፍርድ ሲሆንስ? ጳውሎስ በሮሜ 3 መጨረሻ የመስቀሉን ምክንያት ሲናገር እግዚአብሔር ራሱም ጻድቅ ሆኖ በኢየሱስም የሚያምነውን የሚያጸድቅ እንዲሆን ነው ይላል። ሁለቱም በአንድነት የሚገኙት በመስቀሉ ላይ ነው፤ ኃጢአቱ እንደ ቀላል አልታለፈም፣ ኃጢአተኛውም አልጠፋም።

«ታዲያ ንጹሑን ስለ በደለኛው መቅጣት እንዴት ፍትሕ ይሆናል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው የሚጸናው ኢየሱስ ከውጭ ተይዞ የመጣ ሦስተኛ ወገን ቢሆን ኖሮ ነበር። የሥላሴ ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬውን ያሳያል፦ ፍርዱን የተሸከመው ፈራጁ ራሱ ነው፤ ወልድም ነፍሱን የሰጠው በፈቃዱ ነው። መጽሐፍ ይህን ሞት ቤዛ፣ መሥዋዕት፣ ዕርቅ፣ በጨለማ ኃይላት ላይ የተገኘ ድል እያለ በብዙ መልክ ይጠራዋል፤ ወንጌላውያን አንዱንም አይጥሉም፤ ነገር ግን ኢሳይያስ 53 ላይ እንደምናነበው በእኛ ፋንታ መሞቱን የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ያደርጉታል። ትንሣኤውም በሥጋ የሆነ እውነተኛ ክስተት ነው፤ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» (1 ቆሮንቶስ 15፥17) የሚለውን ለማለዘብ የሚሞክር ትምህርት ወንጌላዊ አይባልም።

«መጽደቅ» ማለት ምንድን ነው? ሰው በሕይወት ሳለ «ጸድቄአለሁ» ማለት ድፍረት አይሆንም?

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። በአማርኛ የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ሰውም ሞቶ መንግሥተ ሰማይ ሲገባ ጸደቀ ይባላል። ለነፍስ ተብሎ የሚሠራ በጎ ሥራ ደግሞ የጽድቅ ሥራ ነው። እነዚህን ሦስት ትርጉሞች ይዞ «እኔ ጸድቄአለሁ» የሚልን ሰው የሰማ ሁሉ ትዕቢተኛ ቢለው አይፈረድበትም፤ ገና ሳይሞት መንግሥተ ሰማይ የገባ፣ ሥራውም የተመሰከረለት ነኝ ያለ ይመስላልና።

ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ግን የችሎት ቃል ነው። ተቃራኒው መኰነን ነው፤ «የሚያጸድቅ እግዚአብሔር ነው፥ የሚኰንንስ ማን ነው?» (ሮሜ 8፥33-34) ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ዳኛ ተከሳሹን ሲኰንን ክፉ አያደርገውም፤ በደለኛ ነው ብሎ ይፈርድበታል እንጂ። እንደዚሁ ሲያጸድቅም በዚያች ቅጽበት ጠባዩን አይለውጥም፤ ክስ የለብህም፣ በሕግ ፊት ጻድቅ ነህ ብሎ ይፈርድለታል። ታዲያ እውነተኛው ዳኛ በደለኛውን እንዴት ጻድቅ ይለዋል? መልሱ ሮሜ 4 ላይ ነው። «አብርሃምም እግዚአብሔርን አመነ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» ይላል፤ ይህ «መቍጠር» የሚለው ግሥ በግሪኩ ምዕራፍ ውስጥ 11 ጊዜ ተመላልሷል። በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ነገር ነው፦ የእኛ ኃጢአት በክርስቶስ ላይ ተቈጠረ፣ የክርስቶስ ጽድቅ በእኛ ስም ተመዘገበ። ጳውሎስም ለሚሠራ ሰው ደመወዝ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም ብሎ ልዩነቱን ያሰምርበታል። አብርሃም ይህ የተባለለት በዘፍጥረት 15 ነው፤ የተገረዘው በዘፍጥረት 17 ነው። የቅደም ተከተሉ ነገር ለጳውሎስ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ስለዚህ «ጸድቄአለሁ» የሚል አማኝ ቃሉን ካወቀው ስለ ራሱ ሥራ የተናገረው የለም። ከመጽደቅ የሚለየው መቀደስ ነው፤ መጽደቅ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍርድ ሲሆን መቀደስ ግን መንፈስ ቅዱስ አማኙን ዕድሜውን ሙሉ ክርስቶስን እንዲመስል የሚሠራበት ነው። የችግኙ ምሳሌም ለዚህ ለሁለተኛው ይበልጥ ይስማማል።

(በነገራችን ላይ «ድኅነት» የሚለው ጥሩ ቃል ሲነበብ ከችጋሩ «ድህነት» ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል ጸሐፊዎች «ደኅንነት» ወይም «ድነት» ማለትን መርጠዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው።)

መዳን በእምነት ብቻ ከሆነ መልካም ሥራ ለምን ያስፈልጋል? ያዕቆብስ ተቃራኒውን አልጻፈም?

ያዕቆብ 2፥24 «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል። ይህን ጥቅስ የሚሸሽ ወንጌላዊ መምህር ሥራውን አልሠራም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ያዕቆብ የሚነቅፈው የትኛውን እምነት እንደ ሆነ ነው። ራቁታቸውን ያሉና የዕለት ምግብ ያጡ ወንድምና እኅት ፊቱ ቆመው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚያሰናብታቸውን ሰው እምነት ነው። ቃሉ ያማረ ነው፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ቀጥሎም አጋንንት እንኳ እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይላል። ጳውሎስ የአብርሃምን እምነት ከዘፍጥረት 15 ሲጠቅስ ያዕቆብ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ የቀረበበትን ዘፍጥረት 22ን ይጠቅሳል፤ ይኸኛው ከብዙ ዓመታት በኋላ የሆነ ነው። አንዱ ሰው እንዴት ተቀባይነት እንደሚያገኝ፣ ሌላው እምነቱ እውነተኛ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ይናገራል።

እዚህም ላይ አማርኛችን ይረዳናል፤ ማመን አለ፣ መታመን አለ። ድልድዩ ይሸከማል ብሎ ዳር ቆሞ የሚመሰክር አምኗል፤ እግሩን ያነሣና የተሻገረ ታምኗል። «በእምነት ብቻ» የሚለው አባባል የሚናገረው ስለዚህ መታመን ነው። ኤፌሶን 2፥8-9 ደኅንነት ከሥራ አይደለም ካለ በኋላ ቍጥር 10 ወዲያው መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል፤ ሁለቱን ጥቅሶች አስታውሶ ሦስተኛውን መተው የተለመደ ጥፋታችን ነው።

«ጌታን መቀበል» እና «ዳግም መወለድ» ምን ማለት ነው?

«ጌታን መቀበል» የሚለው አነጋገር መሠረቱ ዮሐንስ 1፥12 ሲሆን፣ ዳግም ልደት ደግሞ ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ በሌሊት የነገረው ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሰው ውስጥ አዲስ ሕይወት የሚፈጥርበት ሥራ ነው። ሰው በንስሐና በእምነት ይመለሳል፣ እግዚአብሔር ሕይወት ይሰጣል። በስብሰባ መጨረሻ እጅ አንሥቶ ጸሎት መድገም ይህን ለመግለጽ የተለመደ መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ እጅ ማንሣት ዳግም ልደት አይደለም፣ ቃል በቃል የሚደገም የመዳን ጸሎትም በመጽሐፍ ቅዱስ አይገኝም።

አንዳንዱ ሰዓቱን ሳይቀር ያስታውሳል። የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊ የተሾመ ቄስ ሆኖ፣ ለሚስዮናዊነትም ባሕር ተሻግሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ሜይ 24 ቀን 1738 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በኦልደርስጌት ጎዳና በተደረገ ስብሰባ ላይ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ልቡ እንደ ሞቀና ለደኅንነቱ በክርስቶስ ብቻ እንደ ታመነ መዝግቧል። ሌላው በአማኝ ቤት አድጎ ቀኑን ሊናገር አይችልም። የተወለደበትን ሰዓት የማያውቅ ሰው በሕይወት መኖሩን አይጠራጠርም።

የዳነ ሰው ደኅንነቱን ሊያጣ ይችላል?

በዚህ ላይ ወንጌላውያን ከ400 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። የኔዘርላንዳዊው የሃይማኖት ሊቅ የያዕቆብ አርሚንዮስ ተከታዮች በ1610 እ.ኤ.አ. አምስት ነጥቦችን ያቀረቡ ሲሆን፣ ከ1618 እስከ 1619 በኔዘርላንድ በዶርድሬክት የተደረገው ጉባኤ በእግዚአብሔር የተመረጡት እስከ መጨረሻ ይጠበቃሉ የሚለውን አጽንቶ መልስ ሰጠ። አያጣም የሚለው ወገን ዮሐንስ 10፥28ን ያነሣል፣ ሊያጣ ይችላል የሚለው ደግሞ ዕብራውያን 6፥4-6ን። በተግባር ግን ሁለቱም በክርስቶስ የሚታመነው አማኝ ዛሬ በዋስትና እንዲኖር፣ በኃጢአት የሚጸናውም ራሱን እንዲመረምር ያስተምራሉ። በበደለ ቍጥር እንደ ገና «ለመዳን» እጁን የሚያነሣ ወጣት የሚያስፈልገው ንስሐ ነው፤ ልጅ ጥፋት ባጠፋ ቍጥር ዳግመኛ አይወለድም።

ጥምቀትና የጌታ እራት ያድናሉ?

አብዛኞቹ ወንጌላውያን የጌታ ትእዛዛት፣ የጸጋው ምልክቶች ናቸው ይላሉ፤ ከኢየሱስ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ሳይጠመቅ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል። ሉተራውያን በጥምቀት ውስጥ እግዚአብሔር ራሱ እንደሚሠራ አጥብቀው ያስተምራሉ፣ ሕፃናትንም ያጠምቃሉ፤ በጃንዋሪ 1525 እ.ኤ.አ. በዙሪክ ያመኑ አዋቂዎችን ማጥመቅ የጀመሩት ወገኖችና ባፕቲስቶች ደግሞ እምነት ጥምቀትን ይቀድማል ይላሉ።

የጌታ እራት ላይ ያለው ልዩነትም የቆየ ነው። በኦክቶበር 1529 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተርና የዙሪኩ የተሐድሶ መሪ ኡልሪክ ዝዊንግሊ በጀርመን በማርቡርግ ቤተ መንግሥት ተገናኙ። ሉተር በጠረጴዛው ላይ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን በጠመኔ ጻፈ፤ «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው ለሚለው ለዝዊንግሊ ክርክርም ከዚያ ጽሑፍ ንቅንቅ አላለም። ከተዘጋጁት 15 አንቀጾች በ14ቱ ተስማምተው፣ በ15ኛው ላይ ክርስቶስ በእራቱ በሥጋው የመገኘቱ ነገር ሳይፈታ ቀረ። ያ ልዩነት ዛሬም አለ፤ ስለ መጽደቅ ግን ሁለቱም ወገኖች ያኔም ዛሬም አንድ ናቸው።

በልሳን ያልተናገረ ሰው መንፈስ ቅዱስ የለውም?

በክርስቶስ ያመነ ሁሉ መንፈስ ቅዱስ አለው፤ ሮሜ 8፥9 ለክርክር ቦታ አይተውም። ጴንጤቆስጤያውያን ከዚህ ሌላ በመንፈስ መጠመቅ የሚባል ልምምድ እንዳለና በልሳን መናገር ምልክቱ እንደ ሆነ ያስተምራሉ፤ ሌሎች ወንጌላውያን ይህን አይቀበሉም። ልሳንን ለመዳን ግዴታ ማድረግ ግን በሁለቱም ዘንድ ስሕተት ነው።

ስለ ክርስቶስ ዳግም ምጽአት ምን ያምናሉ? ቀኑስ ይታወቃል?

ክርስቶስ በክብር፣ በሚታይ አካል ይመለሳል፤ ሙታን ይነሣሉ፤ ፍርድ ይሆናል፤ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ይመጣል። በራእይ 20 የተነገረው ሺህ ዓመት ከምጽአቱ በኋላ ነው፣ በፊት ነው፣ ወይስ የአሁኑ ዘመን ምሳሌ ነው በሚለው ሦስት ዓይነት አተረጓጎም አለ፤ በዚህ ምክንያት ኅብረት ማፍረስ አግባብ አይመስለኝም። ቀኑን በተመለከተ አሜሪካዊው የባፕቲስት ሰባኪ ዊልያም ሚለር ከዳንኤል ትንቢት አስልቶ ምጽአቱን ሲጠባበቅ፣ ተከታዮቹም በመጨረሻ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ይሆናል ብለው ቈረጡ። ብዙዎች ሥራቸውን ትተው ጠበቁ፤ ሌሊቱ ነጋ። ስለዚያች ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ማርቆስ 13፥32 አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ቀን የሚቈርጥ ሰባኪ ዛሬም ቢነሣ መልሱ ይኸው ጥቅስ ነው።